ከአሰበ ተፈሪ እስከ ለንደን፤ በ1928 ዓ.ም. ከዘር መድልዎ ጋር የታገሉ ስደተኛ ሴቶች

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ጭሮና ስለ ምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ቡናው፣ ስለ ገበያውና ስለ ባቡር ጣቢያዎቹ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን የአሰበ ተፈሪን የጥንት አስተዳዳሪዎች ታሪክ ስከታተል መንገዱ ሳላስበው ከጨርጨር ተራሮች ወርዶ ለንደን ከተማ አደረሰኝ። እዚያም በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ ደብዳቤ ሲጽፉ የሚውሉ አንዲት የጃማይካ ተወላጅ አገኘሁ። የእኒህ ሴትና የትግል ጓደኞቻቸው ሥራ ለእኛ ለሕክምና ባለሙያዎች፣ በተለይም ለነርሶች፣ በጣም የቀረበ ሆኖ ስላገኘሁት የቡናውን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በአውሮፓውያን ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።

ዛሬ ጭሮ የምትባለው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟ የገነነችው የጨርጨር አስተዳደር መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ነው። ጨርጨር ከኢጣልያ ወረራ በፊት ለአዲሱ አስተዳደር ናሙና እንዲሆን የተመረጠ አገር ነበር። ሹማምንቱ ከገባሩ ላይ በሚሰበስቡት ሳይሆን በደመወዝ እንዲኖሩ፣ ግብሩም ልክ እንዲኖረው ታስቦ ሥራው ተጀመረ። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ ሁለተኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የሚያስደንቀው ነገር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው በተጀመረ ጊዜ ሁለቱም የቀድሞ የጨርጨር ገዢዎች በአውሮፓ ነበሩ። ተክለ ሐዋርያት በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ይሟገታሉ፤ ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ናቸው። የአገሪቱ አቤቱታ በእኒህ ሁለት ሰዎች አፍ ይነገር ነበር ማለት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸው ስደት ያሳደጋቸው ሰው ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ መኰንኖች አንሥተው ወደ ህንድ ወሰዷቸው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ወጣላቸው፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም በስኮትላንድ አጠናቀቁ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ለጣና ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ በተላኩ ጊዜም ሃርለምን ጎብኝተው ጥቁር ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሹማምንት መካከል በባዕድ አገር ጥቁር ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል የእርሳቸውን ያህል የሚያውቅ አልነበረም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። እንግዲህ በለንደኑ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ባስፈለጋቸው ጊዜ ዩና ማርሰንን መቀበላቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ዩና ማርሰን እ.ኤ.አ. በ1905 በጃማይካ ደሴት ከአንድ የባፕቲስት ሰባኪ ቤት ተወለዱ። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው «ዘ ኮስሞፖሊታን» የተባለ መጽሔት አቋቋሙ፤ በአገራቸውም የራሷን መጽሔት ያሳተመችና ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ሴት ተባሉ። ግጥም ይጽፉ ነበር፤ ስለ ሠራተኛ ሴቶች መብትም ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ለንደን ሲደርሱ ክፍል የሚያከራያቸው ነጭ ማግኘት እንደ ማንኛውም ጥቁር ቸገራቸው፤ ያረፉትም ፔክሃም በተባለው ሠፈር በዶክተር ሃሮልድ ሙዲ ቤት ነው።

የዶክተር ሙዲን ነገር የሙያ ባልደረቦቼ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። እርሳቸውም የጃማይካ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1910 ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በሽልማት ተመረቁ። በሆስፒታሉ ሥራ ሲጠይቁ ግን የነርሶቹ ኃላፊ ጥቁር ሐኪም በዎርዷ ውስጥ እንዲሠራ ባለመፍቀዷ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ የግል ክሊኒክ ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ የባለ ቀለም ሕዝቦች ሊግ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ዩና ማርሰን የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኑ፤ «ዘ ኪስ» የተባለውንም መጽሔት አዘጋጁ። ኪስ ማለት ቁልፎች ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ የበር ቁልፍ አይደለም፤ የፒያኖ ጥቁርና ነጭ መምቻዎች ናቸው። ሁለቱ ካልተባበሩ ዜማው አይሰምርም ለማለት ነው።

ሊጉ ከተነሣባቸው ጉዳዮች አንዱ የነርሶች ጉዳይ ነበር። ከካሪቢያንና ከምዕራብ አፍሪቃ የመጡ፣ ትምህርታቸውን የጨረሱ ልጃገረዶች ለነርስነት ሥልጠና ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሲያመለክቱ በተደጋጋሚ ይመለሱ ነበር። አንዱ ሆስፒታል ቦታ የለም ይላል፤ ሌላው ሕሙማኑ አይወዱትም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሌሎቹ ሠልጣኞች አብረው መኖር አይፈቅዱም ይላል። በሕግ የተጻፈ ክልከላ ስላልነበረ የሚከሰስበት ነገር አልነበረም። ዩና ማርሰን የተገነዘቡት ይህንን ነው፤ ልጅቱ የተከለከለችው ጥቁር በመሆኗ ብቻ ወይም ሴት በመሆኗ ብቻ አይደለም። ሴት በመሆኗ ከተፈቀዱላት ጥቂት ሙያዎች አንዱ ነርስነት ነው፤ ጥቁር በመሆኗ ደግሞ ያችኑ አንዲት በር ይዘጉባታል። ስለዚህ ለጥቁር የሚታገለው የወንዶች ማኅበርና ለሴት የሚታገለው የነጮች ማኅበር በየበኩላቸው ግማሹን ብቻ ያዩ ነበር።

ይህንኑ ይዘው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1935 ወደ ኢስታንቡል ተጓዙ። እዚያ የተሰበሰበው ለሴቶች የመምረጥ መብትና የዜግነት እኩልነት የሚታገለው የዓለም ሴቶች ኅብረት ጉባኤ ነበር። ጥቁር ሴት በዚያ መድረክ ላይ ቆማ ስትናገር መስማት ለተሰብሳቢዎቹ አዲስ ነገር ነበር። ማርሰን በለንደን ጥቁሮች የሚደርስባቸውን መድልዎ አንሥተው ተናገሩ። ጥቂት ወራት ቆይቶም ዤኔቭ ሄደው የመንግሥታት ማኅበርን አሠራር ለመመልከት ዕድል አገኙ፤ ያ ጊዜ የኢትዮጵያ ጉዳይ በማኅበሩ አዳራሽ የጋለበት ጊዜ ነበር።

ወደ ለንደን ሲመለሱ ሐኪም ወርቅነህ ዘንድ ሥራ ጀመሩ። የሌጋሲዮን ጸሐፊነት ሲባል ዛሬ ቀላል ይመስል ይሆናል። በዚያ ዓመት ግን ከካሪቢያን፣ ከአፍሪቃና ከአሜሪካ «ለኢትዮጵያ ልዝመት» የሚል ደብዳቤ ይጎርፍ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ዜጎቹ በሌላ መንግሥት ጦር ውስጥ እንዳይገቡ ስለሚከለክል ለብዙዎቹ የሚሰጠው መልስ እንቢታ ነበር። እንቢ ብሎ ወዳጅን አለማራቅ፣ ገንዘብና መድኃኒት የሚሰጠውን ማመስገን፣ ለጋዜጠኛው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት፣ የስብሰባ ጥሪዎችን ማስተናገድ፤ ይህ ሁሉ ጸሐፊን የሚያደክም ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት በመርዝ ጋዝ እየተቃጠለ መሆኑ የሚሰማበትን ቴሌግራም ማንበብ ደግሞ ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ ያደረጉትን ንግግር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ወደ ዤኔቭ ከተጓዙት መካከል ይህች የጃማይካ ሴት እንደነበሩ የሚያውቅ ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላዋ የጃማይካ ስደተኛ ኤሚ አሽውድ ጋርቬይ በኒው ኦክስፎርድ ጎዳና ምግብ ቤት ከፍተው ነበር። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1914 ከማርከስ ጋርቬይ ጋር የጥቁሮችን ታላቅ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ በኋላ ከጋርቬይ ጋር ተፋተዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የሐበሻ አፍሪቃውያን ወዳጆች ማኅበር በለንደን ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ የትሪኒዳዱ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ፣ ጸሐፊው ጆሞ ኬንያታ፣ ገንዘብ ያዥዋ ኤሚ አሽውድ ነበሩ። ጄምስ ኋላ ሲያስታውሱ በለንደን ደኅና ምግብ የሚበላው እዚያ ቤት ብቻ ነበር ብለዋል፤ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር ያለበት ነው። ጥቁር ሰው ገብቶ ያለ ኀፍረት የሚቀመጥበት፣ ያለ ሰላይ የሚወያይበት ቤት በሌለበት ከተማ ወጥ ቤቱ ራሱ የፖለቲካ ቢሮ ነበር። ስለ ዘመኑ የተጻፉት መጻሕፍት የወንዶቹን ንግግር በሰፊው ይዘግባሉ፤ ሳህኑን ያቀረበችውንና የማኅበሩን ሣንቲም የቆጠረችውን ሴት ግን በአንድ መስመር ያልፏታል። ኤሚ አሽውድ በአደባባይ ያልተናገሩ ሆነው አይደለም፤ በትራፋልጋር አደባባይ ለኢትዮጵያ ከተናገሩት መካከል ነበሩ።

አሁን ወደ አገራችን ሰዎች ልመለስ። ወረራው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ1927 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ እቴጌ መነን በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ጥሪ አሰሙ። ገና አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም ቃሉን በእንግሊዝኛ ደገሙት። በጦርነቱ ጊዜ ልዕልቲቱ በመርዝ ጋዙ ላይ ለእንግሊዝ ሴቶች ማኅበራት አቤቱታ ልከዋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጋት ላይ የተነሣው የስደት ባቡር ከወላጆቻቸው ጋር ይዟቸው ወደ ጅቡቲ ወረደ። ይህ ባቡር ከአሰበ ተፈሪ የሚወርደው መንገድ ከሐዲዱ ጋር በሚገናኝበት በሚኤሶ በኩል አልፏል። የጨርጨር ተራራ በስተቀኝ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ከማነሣቸው ሴቶች አንደኛዋ በእርግጥ በምዕራብ ሐረርጌ ምድር ላይ ስደተኛ ሆነው አልፈዋል ማለት ነው።

ልዕልት ፀሐይ ለንደን እንደገቡ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሥልጠና ጀመሩ። በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ከዚያም የጀርመን አውሮፕላኖች እንግሊዝን ሲደበድቡ በሆስፒታል ሠርተዋል። የንጉሥ ልጅ ሆነው አልጋ ሲያነጥፉና የሕፃናት ሽንት ጨርቅ ሲያጥቡ መታየታቸው ለእንግሊዝ ጋዜጦች ማራኪ ወሬ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸውም በሴቶች ስብሰባዎች ላይ እየተገኙ ስለ ኢትዮጵያ ይናገሩ ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ልዕልቲቱ የሥልጠና ደብተራቸውን በያዙበት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ የኪንግስተንና የሌጎስ ልጃገረዶች ማመልከቻ ይመለስ ነበር። የቀለሙን በር የከፈተላቸው ዘውዱ እንጂ የበሩ ጠባቂ አሳብ መለወጡ አልነበረም። ይህንን ስል የልዕልት ፀሐይን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፤ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሠራ ሰው የሌላውን ተረኛ ድካም ያውቃል። በዘመኑ ከነበሩት ጥቁሮች መካከል ግን ይህ ልዩነት ያሳዘናቸው ነበሩ። ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ሲገቡ ማርከስ ጋርቬይ ከልዑካን ጋር በዋተርሉ ጣቢያ ቢጠብቋቸውም ሳይቀበሏቸው ስላለፉ በመጽሔታቸው ላይ መራራ ነቀፌታ ጽፈዋል። የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ራሱን ከዓለም ጥቁሮች አንዱ አድርጎ ያይ ነበር ወይስ አያይም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ እንደሚመስለኝ በሌጋሲዮኑ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልስ የሰጡት ወርቅነህና ጸሐፊያቸው ናቸው፤ ሁለቱም ማንነታቸውን በስደት የተማሩ ነበሩ። አንባቢ አስተውሎ ከሆነ ለልዕልቲቱም ለጸሐፊዋም አንድ ዓይነት አንቱታ የተጠቀምሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከውቅያኖስ ማዶም የነርሶች እጅ ነበረበት። ከኦሃዮ ወደ ሃርለም ሄደው ነርስነት የተማሩት ሳላሪያ ኪ፣ በሥልጠና ላይ ሳሉ የሆስፒታሉ መመገቢያ ክፍል በቀለም መከፋፈሉን ከጓደኞቻቸው ጋር ተቃውመው ያስቀሩ ናቸው። ወረራው ሲጀመር ከሃርለም ነርሶች ጋር ሆነው 75 አልጋ ያለው የመስክ ሆስፒታል ወደ ኢትዮጵያ የሚላክበትን ገንዘብ አሰባሰቡ። በኋላም ያንኑ ፋሽዝም ለመግጠም ወደ እስፔን ዘመቱ።

እነዚህ ሴቶች በለንደንና በሃርለም የሚታገሉት ነገር ደግሞ በዚያው ጊዜ አሰበ ተፈሪ ገብቶ ነበር። ኢጣልያኖች የከተማዋን ስም «አስባ ሊቶሪያ» አሉት፤ የተፈሪን ስም አውጥተው የፋሽስትን ምልክት አስገቡበት ማለት ነው። የጨርጨርን ደጋ ለነጭ ገበሬዎች ሠፈራ መረጡት፤ ከደቡብ ኢጣልያ ከፑልያ የመጡ ገበሬዎች የሚሠፍሩበት «የኢትዮጵያ ፑልያ» የተባለው ድርጅት የተቋቋመው እዚሁ ነው። ለአስተዳደር ናሙና ይሆናል የተባለው አገር ለዘር ልዩነት አገዛዝ ናሙና ሊሆን ታጨ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የኢጣልያ ሕግ አንድ ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ። በወረቀት ላይ ተቀጪው ወንዱ ነው። የተጣለችው፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገችው፣ የልጇም አባት ስም የተካደባት ግን ሴቲቱ ናት። ዩና ማርሰን በነርሶቹ በር ላይ ያዩት ነገር፣ የዘሩና የሴትነቱ ቀንበር በአንድ ትከሻ ላይ መውደቁ፣ በአሰበ ተፈሪም በድሬ ዳዋም ቤት ለቤት ይታይ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ፋሽስትን እያባረረ በዚሁ መንገድ ካለፈው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የደቡብ አፍሪቃ ነጮች ብርጌድ እንደነበረበትም ማስታወስ ያሻል፤ ነፃ አውጪውም ቢሆን በቀለም የተከፋፈለ ሠራዊት ነበር።

የኋላውን ባጭሩ ልበል። ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሙያቸውን በተግባር ላይ ሲያውሉ ቆይተው ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ፤ የእናቶችን ሞት ለመቀነስ የምንደክም ሁሉ ይህችን ቀን ብናስባት መልካም ነው። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ሃያ ዓመት ያዘጋጁት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰቡ። ሆስፒታሉም ተሠራ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ሲልቪያ ራሳቸው በሰባ አራት ዓመታቸው አገራቸውን ትተው አዲስ አበባ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያርፉም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ኤሚ አሽውድ እ.ኤ.አ. በ1945 በማንቸስተር የተካሄደውን አምስተኛውን የመላ አፍሪቃ ጉባኤ የመክፈቻ ስብሰባ መሩ።

በሚኤሶ በኩል የሚያልፈው መንገድ ዛሬም የሴቶች መንገድ ነው። ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱትን ልጃገረዶች በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ያውቋቸዋል፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያዩአቸዋል። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር አቋቁመዋል። አሠሪን የሠራተኛ ባለቤት የሚያደርገውን የካፋላ ሥርዓትና ቆዳን አይቶ ደመወዝ የሚቆርጠውን ልማድ ይቃወማሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ ሲሄዱ፣ ለተጣሉት ምግብና ማደሪያ ከፈለጉላቸው መካከል እነርሱ ነበሩ። ስለ ኤሚ አሽውድ ወጥ ቤት ያነበብሁ ዕለት ትዝ ያሉኝ እኒህ ሴቶች ናቸው።

ዩና ማርሰን ግን በኢትዮጵያ ስማቸው የተጻፈበት ደጃፍ የለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1936 በድካምና በሐዘን ታመው ወደ ጃማይካ ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ለንደን መጥተው በቢቢሲ ሬዲዮ ለካሪቢያን ደራስያን መድረክ የሆነውን ፕሮግራም ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዐረፉ። ሐኪም ወርቅነህ ለንደን ሳሉ በእንግሊዝ የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ለአገራቸው ሊዋጉ ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሽስቶች እጅ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ማርሰን በኪንግስተን ባሳተሙት «የእሳት እራትና ኮከብ» በተባለው የግጥም መጽሐፋቸው ውስጥ ለጆና ለቤን የተጻፈ አንድ ግጥም አለ። ጆ ዮሴፍ ነው፤ ቤን ቢንያም ነው።